በሽንት ውስጥ የሚገኝ ስኳር፦ የበላነውን ስኳር የሚለካው ምርመራና የስኳር ሕመም ምርመራ ልዩነት

«ሽንትዎ ውስጥ ስኳር የለም» የሚል ውጤት ይዞ ከላቦራቶሪ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይደመድማል። አንደኛው የስኳር ሕመም እንደሌለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚበላው ስኳር ብዙ እንዳልሆነ ነው። ይህ ውጤት ግን ሁለቱንም አያረጋግጥም። የበላነውን ስኳር በሽንት መለካት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ይህ በጤና ጣቢያ ከሚሠራው የሽንት ምርመራ የተለየ፣ በአሁኑ ጊዜ ለጥናት ብቻ የሚያገለግል ምርመራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት፣ የእያንዳንዱን ውስንነትና በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉትን ያብራራል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• በጤና ተቋማት የሚሠራው የሽንት ምርመራ የሚፈልገው ግሉኮስን ነው። የሚነግረንም ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንዴት እንደያዘው እንጂ ምን ያህል ስኳር እንደበላን አይደለም።
• የበላነውን ስኳር የሚጠቁሙት በሽንት የሚወጡት እጅግ ጥቂት ሱክሮስና ፍሩክቶስ ናቸው።
• የሽንት ምርመራ «ንጹህ» ቢሆንም የስኳር ሕመም ሊኖር ይችላል። ሕመሙ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው።
• ቤተሰብ በቀን የሚወስደውን ስኳር ያለ ላቦራቶሪ መገመት ይችላል።

አንድ ምሳሌ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእጃጂ የሚኖሩ አንድ አባት እናስብ። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ። ቀን ላይ ሁለት ስኒ ቡና በአንድ በአንድ ማንኪያ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሻይ በሦስት ማንኪያ ይወስዳሉ። ድካም ስለተሰማቸው ጤና ጣቢያ ሄደው የሽንት ምርመራ ብቻ አደረጉ፤ ስኳር አልተገኘም። ቤት ሲመለሱ ልጃቸው «አባባ፣ ሻዩን ቀንስ» ስትላቸው «ምን ሆኜ? ሽንቴ ንጹህ ነው ተብያለሁ» ብለው መለሱላት።

እኚህ አባት የተሳሳቱት ውጤቱን በማንበብ አይደለም። የተሳሳቱት ውጤቱ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደመለሰ አድርገው በመውሰዳቸው ነው።

የጤና ጣቢያው የሽንት ምርመራ ምን ይለካል?

ሽንት ውስጥ የሚነከረው ባለቀለም ወረቀት ግሉኮስን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም አለው። ሱክሮስንም ሆነ ፍሩክቶስን አያይም። ቀደም ሲል በሰፊው ይሠራበት የነበረው፣ ሽንቱን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በማሞቅ የቀለሙን ለውጥ የሚያሳየው የቤኔዲክት ምርመራም ለሱክሮስ ምላሽ አይሰጥም።

ጤናማ ኩላሊት በደም ውስጥ ያለውን ግሉኮስ አጣርቶ ወደ ደም ይመልሰዋል። በደም ያለው መጠን በዴሲሊትር ወደ 180 ሚሊግራም ሲያልፍ ኩላሊት መመለስ ያቅተውና ትርፉ በሽንት ይወጣል። ጉንዳን የሰበሰበ ሽንት የስኳር ሕመም ምልክት ነው የሚባለው የቆየ አባባል መነሻው ይኸው ነው።

ችግሩ ይህ ነው፤ ምግብ ሳይበሉ በሚደረግ የደም ምርመራ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ሽንት ላይ ግሉኮስ መታየት የሚጀምረው ግን ወደ 180 ገደማ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለ ሰው ሕመሙ እያለበት የሽንቱ ውጤት ንጹህ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ግሉኮስ በሽንት ታይቶ የስኳር ሕመም ላይኖር ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት ግሉኮስን የሚያሳልፍበት ደረጃ ሊቀንስ ይችላል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ ሕሙማን ደግሞ መድኃኒቱ የሚሠራው ስኳርን በሽንት በማስወጣት ስለሆነ ሽንታቸው ሁልጊዜ ግሉኮስ ያሳያል። ይህ ሕመሙ ባሰ ማለት አይደለም።

የበላነው ስኳር በሽንት እንዴት ይታወቃል?

በሻይ የምንጨምረው ስኳር ሱክሮስ ይባላል። አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ ተጣምረው የሠሩት ነው። ስንበላው ትንሹ አንጀት ጥምሩን ይሰነጥቀውና ሁለቱ ተለያይተው ወደ ደም ይገባሉ። ነገር ግን እጅግ ጥቂቱ ሱክሮስ ሳይሰነጠቅ በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ያልፋል። ሰውነት በደም ውስጥ ያለ ሱክሮስን ሊጠቀምበት ስለማይችል በሽንት ይወጣል። ፍሩክቶስንም አብዛኛውን ጉበት ይወስደዋል፤ ያመለጠው ጥቂት ክፍል በሽንት ይገኛል።

የሚወጣው መጠን በጣም ትንሽ ቢሆንም ከበላነው ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለቱን ደምረው እንደ ባዮማርከር፣ ማለትም የተበላውን ስኳር እንደሚጠቁም ምልክት ይጠቀሙባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህን በጥንቃቄ ፈትሾታል። ፈቃደኞች የሚበሉት ሁሉ እየተመዘነ፣ ሽንታቸውም 24 ሰዓት ሙሉ እየተሰበሰበ ተለካ። በቀን 200 ግራም ገደማ ስኳር የበሉ ሰዎች በሽንታቸው ያስወጡት ሱክሮስና ፍሩክቶስ ተደምሮ ወደ 100 ሚሊግራም ነበር። ይህም ከተበላው ስኳር ሁለት ሺህኛው ያህል ማለት ነው።

በምሳሌያችን ያሉት አባት በቀን 11 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ። አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 44 ግራም ይሆናል። 300 ሚሊሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ድምሩ 75 ግራም ገደማ ነው። በጥናቱ ስሌት ከሄድን ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው 40 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማለትም የአንድ የሻይ ማንኪያ መቶኛ ያህል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር የሚለየው የረቀቀ የላቦራቶሪ መሣሪያ እንጂ የጤና ጣቢያው ወረቀት አይደለም።

ተመራማሪዎች ለምን ይህን ፈለጉ?

«በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ትወስዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ሁልጊዜ እውነተኛውን መጠን አይናገርም። መዋሸት ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ጎረቤት ቤት የተጠጣው ቡና፣ ለቅሶ ቤት የቀረበው ለስላሳ፣ ልጁ የተወው ብስኩት ይረሳል። ብዙ ስኳር መብላት እንደሚነቀፍ የሚያውቅ ሰውም አሳንሶ ይናገራል።

በእንግሊዝ ኖርፎክ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች ለሦስት ዓመታት ተከታትለው ተጠኑ። በሽንት ምርመራ ብዙ ሱክሮስ የተገኘባቸው ሰዎች ከመጠን ያለፈ ክብደት የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች በቃላቸው በተናገሩት መጠን ሲመደቡ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ብዙ ስኳር እንበላለን ያሉት ሰዎች ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሰለ። ሽንትና ቃል ያልተስማሙበት ይህ ልዩነት ባዮማርከሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ሽንትን ለዚህ መሰል ሥራ መጠቀም ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኅብረተሰቡ በቂ አዮዲን ማግኘቱ የሚታወቀው በሽንት ውስጥ ያለው አዮዲን ተለክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናትም የሰዎች የጨው አጠቃቀም የተገመተው ከሽንት ናሙና ነበር፤ አማካዩ በቀን ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

ጤፍና በቆሎ በሚበላበት አገር

የስኳር አጠቃቀምን የሚጠቁም ሌላም ዘዴ አለ። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርበንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ የተለየ ስለሆነ ካርበን 13 የተባለውን ከባድ የካርበን ዓይነት በርከት አድርገው ይይዛሉ። በአሜሪካ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን በደም ወይም በፀጉር ለክተው ከአገዳና ከበቆሎ የተሠራ ማጣፈጫ ምን ያህል እንደተበላ ይገምታሉ።

ይህ ዘዴ ለእጃጂ፣ ለጌዶም ሆነ ለባኮ ነዋሪ አይሆንም። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ከሸንኮራ አገዳ ጋር አንድ ዓይነት የካርበን አወሳሰድ አላቸው። ስለዚህ የጤፍ እንጀራና የበቆሎ ቂጣ የሚበላ ሰው ደም፣ ስኳር ባይቀምስም፣ ብዙ ስኳር እንደሚበላ ሰው ደም ሊመስል ይችላል። በሽንት የሚገኙት ሱክሮስና ፍሩክቶስ ግን ከእንጀራ አይመጡም። በእኛ አመጋገብ ላይ ጥናት ቢደረግ የሽንቱ ዘዴ የተሻለ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሽንት ባዮማርከሩ ውስንነቶች

• የሚያሳየው የአንድ ቀንን ብቻ ነው። የሠርግ ማግስትና የተራ ቀን ውጤት አንድ አይሆንም። የዘወትር ልማድን ለማወቅ በተለያዩ ቀናት መደጋገም ያስፈልጋል።
• የስኳሩን ምንጭ አይለይም። ከማንጎ፣ ከማርና ከለስላሳ የመጣውን ፍሩክቶስ መለየት አይችልም።
• እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ሩዝ አይታዩበትም። እነዚህ ግን በአንጀት ወደ ግሉኮስ ተለውጠው የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።
• የጨጓራ ቁስለት ያለበት ወይም እንደ አስፒሪንና ዲክሎፍናክ ያሉ ማስታገሻዎችን የሚወስድ ሰው ጨጓራው ብዙ ሱክሮስ ሊያሳልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ውጤቱ ከበላው በላይ ያሳያል።
• የኩላሊት ሕመም ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል።
• ሽንቱ በሙቀት ከቆየ ባክቴሪያ ስኳሩን ይበላዋል። ስለዚህ ማቆያ መድኃኒት ተጨምሮበት በቅዝቃዜ መያዝ አለበት።

በእነዚህ ምክንያቶች ምርመራው ብዙ ሰዎችን በአንድነት ለማጥናት ይጠቅማል እንጂ ለአንድ ሕመምተኛ «ይህን ያህል ማንኪያ በልተሃል» ብሎ ለመፍረድ አይሆንም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው ይህን ምርመራ ካላገኙ አንዳች ሕክምና ቀረብኝ ብለው አይጨነቁ።

የ24 ሰዓት ሽንት እንዲሰበስቡ ከታዘዙ

ይህ አሰባሰብ ለኩላሊት ምርመራም ስለሚታዘዝ ማወቁ ይጠቅማል።

1. ከላቦራቶሪው የተሰጠዎትን ዕቃ ብቻ ይጠቀሙ። ውስጡ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ካለ አይድፉት፣ አይንኩት።
2. በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሲነሱ የሚሸኑትን ይድፉት፤ ሰዓቱን ግን ይጻፉ።
3. ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት የሚሸኑትን ሁሉ ያጠራቅሙ።
4. በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚሸኑትን ጨምረው ይጨርሱ።
5. ማቀዝቀዣ ከሌለ ክዳኑን አጥብቀው በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡትና ሳይዘገዩ ያድርሱ።
6. አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከሸኑ ለባለሙያው ይናገሩ። መደበቅ ውጤቱን ያበላሸዋል።

በቀን ምን ያህል ስኳር ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለምግብና ለመጠጥ የሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም በማርና በጭማቂ ያለው ስኳር፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወደ 25 ግራም ወይም 6 ማንኪያ ዝቅ ቢል ደግሞ የተሻለ ጥቅም ይኖረዋል። ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ስኳር በዚህ ገደብ አይቆጠርም።

ማር ከስኳር ነጻ አይደለም። «ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ለስኳር ሕመምተኛ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ብርዝም በማር የተሠራ ስለሆነ ይቆጠራል። ጠጅ ሲፈላ ከስኳሩ ብዙው ወደ አልኮል ቢለወጥም ቀሪ ስኳር አለው። ምንም ጣዕም ያልተጨመረበት የአምቦ ማዕድን ውኃ ስኳር የለውም፤ ጣዕም የተጨመረባቸውን መጠጦች ግን መለያቸውን ያንብቡ።

በቤት ውስጥ የሚሠራ መለኪያ

ቃልና ትዝታ ሲያሳስቱ የስኳር ከረጢቱ እውነቱን ይናገራል። አንድ ኪሎ ስኳር የተከፈተበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። ያለቀበትንም ቀን ይጻፉ። ከዚያ 1,000 ግራምን በቤተሰቡ ቁጥርና በቀናቱ ያካፍሉ።

• አምስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ በ8 ቀን ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 25 ግራም ይደርሳል።
• በዚያው ቤት በ4 ቀን ካለቀ 50 ግራም ነው። ገደቡ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።
• ከቤት ውጭ ለሚጠጣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ለስላሳ ሌላ 30 ግራም ለጠጪው ይደምሩ።

እንግዳ የሚበዛበት ቤት ግምቱ ከፍ ይላል፤ አንዱ አባል ከሌላው ብዙ ሊወስድም ይችላል። ቢሆንም ወር ከወር ሲነጻጸር ለውጡን ያሳያል። በጾም ወራት ወተትና ቅቤ ሲቀር ሻይና ለስላሳ እንዳይተካቸው በዚሁ መንገድ መከታተል ይቻላል። የሻይ ማንኪያውን ሳይቆልሉ መለካት፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስን ቀስ በቀስ ያለምዳል።

የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ?

የስኳር ሕመም እንዳለብዎ ለማወቅ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው።

• ሌሊቱን ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ የሚደረግ የደም ስኳር ምርመራ፦ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ግልጽ ምልክቶች ከሌሉ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ100 እስከ 125 ያለው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ደረጃ ነው።
• ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ፦ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር ያሳያል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሕመሙን ያመለክታል። በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ስለሚችል የት እንደሚሠራ ባለሙያውን ይጠይቁ።
• በማንኛውም ሰዓት የተወሰደ የደም ስኳር 200ና ከዚያ በላይ ሆኖ የሕመሙ ምልክቶች ካሉ ምርመራው ያረጋግጣል።

የሽንት ምርመራ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኬቶንን፣ ፕሮቲንንና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ለማየት ይጠቅማል። ለስኳር ሕመምተኛ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መፈለግ የኩላሊት ጉዳትን በጊዜ ለማወቅ ዋና መንገድ ነው።

መቼ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለብዎት?

ብዙ ውኃ መጠማት፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ከነዚህ ጋር ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ከታየ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ስለሚችል በአፋጣኝ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለስኳር ሕመምተኛ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ስኳር መቀነስ ማለት ስኳርን ከቤት ማጥፋት አይደለም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይጨምሩ፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ልጅቱ ለአባቷ ልትነግራቸው የምትችለው ይህን ነው፦ «አባባ፣ የሽንቱ ወረቀት ሻይህን አልቆጠረም። ነገ ሳትበላ ደምህን እናስለካ፤ ማንኪያውን ደግሞ እኛው እንቆጥረዋለን።»

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምርመራንና ምክርን የሚተካ አይደለም። የሽንት ውጤትዎ ንጹህ ሆነ ብለው የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ።